አፍተር ስኩል ሲበዛ፦ ለልጅ ባዶ ሰዓት ከየት ይገኛል?

አፍተር ስኩል ስንል ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚሄድበትን የስፖርት፣ የሙዚቃ ወይም የሌላ ትምህርት ፕሮግራም ማለታችን ነው። በምዝገባው ቅጽ ላይ «1 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ትምህርት ከቤተሰቡ የሚወስደው 1 ሰዓት ብቻ አይደለም። ልብስ መቀየርና የጠፋ ጫማ መፈለግ 15 ደቂቃ፣ መንገዱ መሄጃው 20 መመለሻው 20፣ ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ 10፣ ሲያልቅ ዕቃ መሰብሰብና ከአሰልጣኙ ጋር ሁለት ቃል መለዋወጥ 15። ሲደመር 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል።

ይህን ከአንድ የ8 ዓመት ልጅ ቀን ላይ ቀንሱት። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚነሳ ልጅ ለ10 ሰዓታት እንዲተኛ ከተፈለገ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ከትምህርት ቤት ተመልሶ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ቢገባ በእጁ ያለው 5 ሰዓት ተኩል ነው። መክሰስና ልብስ መቀየር 30 ደቂቃ፣ የቤት ሥራ 40፣ እራት 45፣ ገላ መታጠብና ወደ አልጋ መሄድ 45፣ ዕቃ ማንሳትና መላላክ 20፤ 3 ሰዓት ሄደ። የቀረው 2 ሰዓት ተኩል ነው። ያቺ የ«1 ሰዓት» ትምህርት 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃውን ስትወስድ ለልጁ 10 ደቂቃ ይተርፈዋል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ታብሌት ከመክፈት በቀር ሊጀመር የሚችል ነገር የለም።

ሁለት ልጆች ካሉ ደግሞ ታናሹ የታላቁን ልምምድ ከመኪና የኋላ ወንበር ወይም ከአዳራሽ አግዳሚ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ታላቁ በሳምንት 2 ቀን ቢማር ታናሹ አንድም ነገር ሳይመዘገብ ከ4 ሰዓት በላይ ያጣል። ይህን ጊዜ ብዙዎቻችን በስህተት «ነፃ ሰዓት» ብለን እንቆጥረዋለን። ልጁ ግን እንደ ልቡ አይሮጥ፣ መጫወቻው አጠገቡ የለ፤ የሌላ ሰው ፕሮግራም ላይ ታስሮ መቀመጡ ነው።

በስደት ያለ ወላጅ ልጁን ብዙ ቦታ የሚያስመዘግበው በምክንያት ነው። «እኛ ያላገኘነውን ያግኙ» የሚል ፍቅር አለ። የክፍል ጓደኛው ዋናም ቫዮሊንም ቼዝም ሲማር የእኛ ልጅ ወደ ኋላ ይቀር ይሆን የሚል ስጋትም አለ። ከሁሉም በላይ ሺፍት አለ፤ አያትና አክስት በቅርብ በሌሉበት አገር፣ ሥራው 12 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ወላጅ እስከዚያ ልጁን የሚያይለት ሰው የግድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ሁሉንም አቁሙት» የሚለው ምክር ለብዙ ቤት አይሆንም።

የሚጠቅመው ልጅ ማቆያ የሆነውንና ትምህርት የሆነውን ለይቶ ማየት ነው። ማቆያ ከሆነ ሰዓቱ በደቂቃ እየተሸነሸነ በልምምድ መሞላት የለበትም። ስትመዘግቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ልጆች ራሳቸው መርጠው የሚጫወቱበት ጊዜ በቀን ስንት ደቂቃ ነው? ውጭ ይወጣሉ? የቤት ሥራቸውን እዚያው ይጨርሳሉ? የመጨረሻው በተለይ ትልቅ ነገር ነው፤ የቤት ሥራው እዚያ ካለቀ ያ 40 ደቂቃ ማታ ለቤት ይመለሳል።

ባዶ ሰዓት ስንል አዋቂ ያላቀደው፣ ውጤት የማይጠበቅበት፣ ስክሪን የሌለበት ጊዜ ማለታችን ነው። በ2014 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በ70 የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቷል። ራሳቸው በመረጡት ነገር ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉት ልጆች፣ ያለ አዋቂ ጉትጎታ ሐሳብ አውጥቶ መሥራትን በሚለካው ፈተና የተሻለ ውጤት አግኝተዋል፤ ብዙ ጊዜያቸው በፕሮግራም የተያዘው ደግሞ ዝቅ ያለ። ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መሄዳቸውን አሳየ እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አላረጋገጠም። የቤት ውስጥ ልምዱ ግን ለማንም ይታያል፤ ቀኑን ሙሉ «አሁን ይህን፣ ቀጥሎ ያንን» የሚባል ልጅ፣ የሚያዘው ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ሲጣበብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እንቅልፍ ነው፤ ልጅ ስለማይከራከርለት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ያወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓታት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሌላው ቀን 2 ሰዓት አስበልጦ የሚተኛ ልጅ በሳምንቱ ውስጥ ሳይጠግብ እንደከረመ ጠርጥሩ። በልምምድ ቀን ብቻ ሆዱን ወይም ራሱን የሚያመው፣ ካልሲ ለማድረግ የሚያለቅስ፣ መኪና ውስጥ ገና ከመግባቱ የሚያንቀላፋ ልጅም እየነገራችሁ ነው። ሕመሙ ከቀጠለ ግን ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።

ለስፖርት ግልጽ ልክ አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች ከሚሠሩት ስፖርት በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን፣ በዓመት ደግሞ በድምሩ 3 ወር እንዲያርፉ ይመክራል፤ ሦስቱ ወር የግድ ተከታታይ እንዲሆን አይጠበቅም፣ አንድ አንድ ወር እየተባለ ሊከፈል ይችላል። በስፖርት ሕክምና ዘንድ የሚሠራበት ሌላው መለኪያ፣ በሳምንት የሚደረገው የስፖርት ልምምድ በሰዓት ሲቆጠር ከልጁ ዕድሜ እንዳይበልጥ ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ ከ9 ሰዓት በላይ አይሠራም። አሰልጣኝ «ተሰጥኦ አለው፣ ቀን እንጨምርለት» ሲል መመለሻችሁ ይህ ቁጥር ይሁን። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋገምባቸው ይጎዳሉ፤ በማደግ ላይ ያለ አጥንት ደግሞ ጫፉ ገና ስስ ነው።

ከዚያ ወደ ወረቀት። ለ2 ሳምንት፣ ምንም ሳትቀይሩ፣ እያንዳንዱ ነገር ከቤት ተወጥቶ እስከሚመለስበት ድረስ የወሰደውን ደቂቃ ጻፉ። የቅዳሜ የቋንቋ ትምህርትም ይቆጠራል፤ ለእኛ ባህል ነው፣ ለልጁ ግን ስድስተኛ የትምህርት ቀን ነው። ቀጥሎ አዲስ ሳምንት ስትሠሩ መጀመሪያ ባዶውን ሰዓት አስገቡ፣ ትምህርቶቹን በቀረው ላይ ደልድሉ። አንደኛ ደረጃ ለሚማር ልጅ ከትምህርት በኋላ ያሉ 2 ሙሉ ቀናትና ከሰንበቱ ግማሽ ቀን ዝቅተኛው ነው እንላለን። የተበጣጠሰ ጊዜ አይሞላም፤ ሦስት ቦታ የተበተነ 20፣ 20፣ 20 ደቂቃ አንድ ሙሉ ሰዓት አይወጣውም። ምክንያቱም የልጆች ጨዋታ መጀመሪያው ድርድር ነው። «አንተ ሐኪም ሁን፣ ይህ ወንበር አምቡላንስ ነው» እየተባለ 20 ደቂቃ ያልቃል፤ ጨዋታው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ዕቅድ በብዛት የሚበላሸው በወላጅ ጉዳይ ነው። «ዛሬ ነፃ ነህ አይደል፣ ገበያ እንሂድ፣ ከዚያ ያቺን ዕቃ እንመልስ» ይባልና ባዶው ቀን ያልቃል። ቀኑን እንደ ሐኪም ቀጠሮ ያዙት።

ሁለተኛው መሰናክል «ደበረኝ» የምትለዋ ቃል ናት። ፕሮግራም የለመደ ልጅ መጀመሪያ ባዶ ሰዓት ሲሰጠው ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ እየተከተለ ይጠይቃል። ይህ የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ዕቅዱ ከሸፈ ማለት አይደለም። ችግሩ እኛ አለማስቻላችን ነው፤ ወይ ስልክ እንሰጣለን፣ ወይ አሥር ሐሳብ እንደረድራለን፤ ልጁም አሥሩንም «አልፈልግም» ይላል፤ የእኛ ሐሳብ ነዋ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ይደብራል፤ የሆነ ነገር ታገኛለህ» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ ይበቃል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ታገሡ። እናንተ ወጥ ቤት ሆናችሁ ልጁ ድምፃችሁን የሚሰማበት ነገር ግን በዓይናችሁ የማትከታተሉት ርቀት ጥሩ ነው፤ ከአጠገቡ ተቀምጦ የሚያይ አዋቂ ካለ ልጅ ለአዋቂው መጫወት ይጀምራል።

ለዚህ ሰዓት የሚያስፈልገው ዕቃ ቀላል ነው፦ ባዶ ካርቶን፣ ፕላስተር፣ ገመድ፣ አሮጌ አንሶላ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ነጭ ወረቀት፣ ጫፉ ያልሾለ መቀስ። ልጁ ራሱ ሊደርስበት በሚችል ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። መጫወቻ በብዛት ሲደረደር ልጅ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ያነሳል፤ ሦስት ወይም አራት ነገር ብቻ ውጭ ትታችሁ የቀረውን ደብቁ፣ ከወር በኋላ ለውጡት። ትንሽ ለሆነ ልጅ ገመዱን ያለ አዋቂ አትተዉ። ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ፣ ታብሌቱም ከዓይን ከራቀ ክርክሩ በግማሽ ይቀንሳል። ለስክሪን የራሱን ሰዓት ወስኑለት፤ ከባዶው ሰዓት በኋላ ይሁን፣ በፊት ከሆነ መለያየቱ በለቅሶ ነው።

በስደት ላለ ቤት ይህ ሰዓት ሌላም ነገር ይዟል። ልጁ ቀኑን በሌላ ቋንቋ ውሎ ይመጣል። በመኪና ውስጥ የምናወራው «ቀበቶህን እሰር፣ ውኃህን ያዝክ፣ ዘገየን» ነው፤ ትእዛዝ ብቻ። በትእዛዝ የሚያድግ አማርኛ በትእዛዝ ይቀራል፤ ልጁ ይሰማል፣ አይመልስም። ምንም በማይደረግበት ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ እያጣጠፋችሁ ወይም ሽንኩርት እየላጣችሁ፣ ልጁ ራሱ መጥቶ የሚጀምረው ወሬ አለ። ያኔ በሌላ ቋንቋ ቢያወራም አታቋርጡት፤ እናንተ በአማርኛ መልሱ፣ የጎደለችውን ቃል በመልሳችሁ ውስጥ አስገቡለት። «እስቲ በአማርኛ በለው» ያላችሁ ዕለት ወሬው ወደ ትምህርት ተለወጠ፣ ልጁም ሄደ።

የትኛው ይቅር ለሚለው፦ ዋና ካልቻለ ዋና አይቀርም፤ እሱ የነፍስ ጉዳይ ነው። ሳይቸገር መንሳፈፍና ወደ ዳር መውጣት ሲችል ለሌላ ቦታ ሊለቅ ይችላል። ሙዚቃ በወረቀት ላይ በሳምንት 30 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ በሳምንት 5 ቀን 15 ደቂቃ ልምምድ ይጨመርበት፣ ሌላ 75 ደቂቃ። ያ ጊዜ ከሌላችሁ በየሳምንቱ ሳይለማመድ እየሄደ ማፈር ነው የሚማረው። የቡድን ስፖርት የሰንበት ግጥሚያ ስላለው ሁለት ስፖርት በአንድ ወቅት አታጣምሩ። ለቀሩት፣ ልጁ ትምህርቱ በሌለበት ቀን ስለ እሱ ያወራል ወይ? ሳይታዘዝ ይሞክረዋል? አንድ ሳምንት ቢቀር ይጠይቃል? ለሦስቱም መልሱ የለም ከሆነ ትምህርቱን የሚፈልገው ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው።

በመሀል አታስወጡት፤ የተጀመረው ወቅት ይለቅ፣ ቀጣዩ ብቻ አይመዝገብ። ክፍያው በየወሩ ራሱ ከባንክ የሚቆረጥ ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ ብዙ ቦታ ለማቆም አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃሉ፣ ማስታወቂያው ሳይሰጥ የቀረ ልጅ ክፍያ ይቀጥላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትሰርዙ፤ አንድ ቀን አስለቅቃችሁ 4 ሳምንት እዩ።

ወንድምና እህት መጀመሪያ አካባቢ ይጣላሉ፤ አብረው ተጫውተው ስለማያውቁ። መማታት ከሌለ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ ልጁ ብቻውን ቤት እንዲውል ካሰባችሁ ግን ስንት ዓመት ሲሞላው እንደሚፈቀድ እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ። «እኛ አገር በዚህ ዕድሜ ከብት እንጠብቅ ነበር» የሚለው እዚያ መልስ አይሆንም።

ከ13 ዓመት በላይ ሲሆን ባዶ ሰዓት መልኩን ይቀይራል። በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ጣሪያ ያያል፣ ሙዚቃ ይሰማል። ስንፍና ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕረፍት ነው። ቀድሞ ይወደው የነበረውን ሁሉ ከተወ፣ ጓደኛ ከሸሸ፣ ምግብና እንቅልፉ ከተዛባ ያ ሌላ ነው፣ ባለሙያ ይየው። ያለዚያ በሩን አንኳኩታችሁ ግቡ፣ «ምን እየሠራህ ነው?» አትበሉ፤ የታጠበ ልብሱን አስቀምጣችሁ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀመጡ። ስልኩ ደግሞ ማታ ከክፍሉ ውጭ፣ ከእናንተም ስልክ ጋር አንድ ቦታ ቻርጅ ይደረግ።