ጠቋሚው ልጅ

ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምረው ከፊት ወንበር አይጠፋም ነበር። ሰሞኑን ስሙን ከእገታ ጋር ሲያነሱት ሰማሁ።

ጎንደር ላይ እገታን የማያውቅ የለም። ሰው ይወሰዳል። ስልክ ይደወላል። ቤተሰብ በሬውን ሸጦ፣ ዘመድ ለምኖ ይከፍላል። አንዳንዱ ከፍሎም ሰውየው አይመለስም።

ልጁ መሣሪያ አልያዘም አሉ። ሥራው መጠቆም ነው። ማን አዲስ ሱቅ ከፈተ? ለማን ከውጭ ብር ይላክለታል?

በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ገና ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተኩስ በተነሳ ቁጥር ትምህርት ይቋረጣል። ባጃጅ ላይ ረዳት ሆነ፤ መንገድ ሲዘጋ እሱም ቀረ። ያኔ ነው በዕድሜ የሚበልጡት አጋቾች የቀረቡት። መጀመሪያ ምሳ፣ ቀጥሎ ጫት፣ ከዚያ ስልክ ገዙለት። ስልኩ ዕዳ ሆነበት።

ያለቀሱት የታጋች እናቶች ከፊቴ አይጠፉም፤ ላመካኝለት አልችልም። ግን ልጄ ነው። ያኔ ከክፍል ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄጄ አልጠየቅሁም። ይቆጨኛል።

እናቱን ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ሲሸጡ አገኘኋቸው።

«መምህር፣ ልጄ የት እንደሚያድር ሰምተዋል?» አሉኝ።

አልሰማሁም አልኳቸው። አንድ ኪሎ በርበሬ መዘኑልኝ። ብሩን አልቀበልም አሉ።