የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን መሥሪያ ቤቱን ሳትለቁ አጽፉ

ከደብረ ብርሃን ወደ አሜሪካ የመጣሁት በአሠሪ ስፖንሰርነት ነው። ቪዛው ኤች ዋን ቢ ይባላል። ብዙ ሰው እየደወለ ስለ ኢንተርቪው፣ ስለ ዕጣው፣ ስለ ደመወዙ ይጠይቀኛል። እኔን ያንገላታኝ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ያንገላታኝ አገር ቤት የተጻፈ አንድ ገጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ወር እንቅልፍ አላጣም ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቪዛው ባጭሩ። የሚያመለክተው አሠሪው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ሥራው ቢያንስ ዲግሪ የሚጠይቅ፣ ዲግሪው ደግሞ ከሥራው ጋር የሚገናኝ መሆን አለበት። ለሦስት ዓመት ይሰጣል፣ ሲታደስ በጠቅላላው እስከ ስድስት ይደርሳል። በዓመት 65,000 ቦታ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20,000 ይጨመራል። ፈላጊው ከቦታው ስለሚበዛ ዕጣ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲዎችና ከእነሱ ጋር የተቆራኙ የምርምር ተቋማት ግን ከኮታው ውጭ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ማመልከት ይችላሉ። እኔ የገባሁት በዚህ በር ነው። በመንዝ የገብስ ማሳዎች ላይ የተሰበሰበ የምርት መረጃ ስተነትን አብሮን ይሠራ የነበረ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የስታቲስቲክስ ባለሙያ ፈለገ። ጠየቁኝ፣ እሺ አልኩ። የቅጥር ደብዳቤው መጣ፣ ፓስፖርቴ ዝግጁ ነበር፣ ትራንስክሪፕቴም በእጄ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር።

ችግሩ ከዲግሪዬ ጀመረ። በ2001 ዓ.ም. የተመረቅኩት በሦስት ዓመት ዲግሪ ነው። የኔ ዘመን ተማሪዎች ታስታውሳላችሁ። ፍሬሽማን ቀርቶ ትምህርቱ ወደ ፕሪፓራቶሪ፣ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል፣ ወርዶ ነበር። እኛ ዘንድ ሙሉ ዲግሪ ነው። አሜሪካ ግን ባችለር አራት ዓመት ነው፤ የትምህርት ማስረጃዬን የገመገመው ድርጅትም አንድ ዓመት ይጎድለዋል አለ። ሕጉ መውጫ አለው። ለጎደለው ለእያንዳንዱ የኮሌጅ ዓመት ሦስት ዓመት የሙያ ሥራ ይተካል። ነገር ግን ሥራው የሙያውን ዕውቀት የጠየቀ እንደነበረ፣ አለቃችሁ ወይም አብረዋችሁ የሠሩት በዚያው ሙያ ዲግሪ እንዳላቸው በማስረጃ መታየት አለበት። የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ይህንን ስትነግረኝ አልደነገጥኩም። ከስምንት ዓመት በላይ በአንድ የልማት ድርጅት ስሠራ የኖርኩት ሥራ ስታቲስቲክስ ነው። ደብዳቤ አጽፌ እልካለሁ አልኩ።

የሰጡኝን ደብዳቤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል። ከጥቅምት 1 ቀን 2002 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. በክትትልና ግምገማ ባለሙያነት፣ በወር ይህን ያህል ብር ያልተጣራ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሲያገለግሉ የቆዩ ሲሆን፣ የሥራ ግብርም ከደመወዛቸው ተቆርጦ ለመንግሥት ገቢ የተደረገ መሆኑን እየገለጽን፣ ይህ የሥራ ልምድ ማስረጃ በጠየቁት መሠረት የተሰጣቸው ነው። ክብ ማኅተም፣ ቲተር፣ ፊርማ። አለቀ። ምን እንደሠራሁ አንድ መስመር የለውም።

የሰው ኃይል ኃላፊውን ተግባሬን ዘርዝሩልኝ አልኩት።

«እህቴ፣ ፎርማቱ ይሄ ነው። ለሁሉም የምንሰጠው ይሄንኑ ነው።»

«እሺ፣ የሥራ መደብ መግለጫዬን ኮፒ ስጡኝ። እዚያ ላይ ሁሉም ተዘርዝሯል።»

«እሱ የውስጥ ሰነድ ነው፣ አይወጣም።»

አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ቅርንጫፉ ይጻፍልሽና እኛ እናጸድቃለን አሉኝ። ቅርንጫፉ ተመለስኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ካላዘዘን አንጽፍም አሉኝ። ፈራሚው ስብሰባ ናቸው። ማኅተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት። ጊዜው 2016 ነበር፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት። የጠበቃዋን ኢሜይል ለማየት እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ መግባት ነበረብኝ፤ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። አንድ አንቀጽ ለመጨመር ይህን ሁሉ ማመላለሳቸው እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ሥራዬን ያውቁታል። ሪፖርቶቼ እዚያው መደርደሪያቸው ላይ አሉ።

ሕግም ጠቅሼ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። መልሳቸው «ሰጥተንሻል'ኮ» ነበር። ሕጉ የሚለው ሦስቱም ነገር ደብዳቤው ላይ አለ፤ ከዚያ በላይ እንዲጽፉ የሚያስገድዳቸው የለም። ስለዚህ አዋጁ ያድነኛል ብላችሁ አትቀመጡ።

በዚያው ደብዳቤ ማመልከቻው ገባ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቀ። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክትትልና ግምገማ የሚባለው ሥራ ስታቲስቲክስ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሁለተኛው ግን ክው አደረገኝ። ዲግሪው 2009 ይላል፤ ሥራ የጀመረችው 2002 ነው ይላል፤ ከመመረቋ ሰባት ዓመት በፊት እንዴት በባለሙያነት ተቀጠረች? ዲግሪዬ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ደብዳቤውን አዲስ አበባ በክፍያ የተረጎመልኝ ቢሮ ግን ቀኖቹን በኛ አቆጣጠር እንዳሉ አስቀምጧቸዋል። «ዓ.ም.» የምትለዋንም ትቷታል። ጥቅምት 1 ቀን 2002 ማለት በፈረንጅ ኦክቶበር 11 ቀን 2009 ነው። በተመረቅኩ በሦስተኛው ወር ነው የተቀጠርኩት። እዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን ወረቀቱ የሚነግረው ውሸታም መሆኔን ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 84 ቀን ነው፤ ከተባለው ቀን በላይ አይራዘምም።

ያወጡኝ የቀድሞ አለቃዬ ናቸው። ከድርጅቱ ለቀዋል፤ በስታቲስቲክስ ማስተርስ አላቸው። ደውዬ ነገርኳቸው። «ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናስታውስ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቤታቸው ተቀምጠን ጻፍን። በባሶና ወራናና በመንዝ ጌራ ቀበሌዎች ናሙና የሚሆኑ አባወራዎችን በምን ስሌት እንደመረጥኩ። ዳታውን ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር እንዴት እንዳጸዳሁ፣ የትኛውን ሞዴል ለምን እንደተጠቀምኩ። ከሥራ ጊዜዬ ስንት ፐርሰንቱ በየትኛው ተግባር እንዳለፈ። ሥራው የሙሉ ጊዜ እንደነበረ። ኃላፊነቴ ከዓመት ዓመት እንዴት እንዳደገ። እሳቸውና ሌሎች ባልደረቦቼ ምን ዲግሪ እንዳላቸው። እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍን። ከሥር፣ ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በአሜሪካ ሕግ እቀጣለሁ የሚለውን ቃል ጨምረው ፈረሙ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬም እንደዚሁ ጻፈችልኝ። ለሥራ ልምድ የትምህርት ክሬዲት የመስጠት ሥልጣን ያለው ፕሮፌሰር እነዚህን አይቶ ልምዴ የጎደለውን ዓመት እንደሚተካ መሰከረ። ጸደቀ።

አለቃዬ የፈረሙት ወረቀት ላይ አንድም ማኅተም የለም። እኛ አገር ማኅተም የሌለው ነገር እንደ ወረቀት አይቆጠርም። ሰዎችም ውልና ማስረጃ ካልተረጋገጠ፣ ውጭ ጉዳይ ካልተመታበት ይጣላል እያሉ አስፈራርተውኝ ነበር። ለዚህ ማመልከቻ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ያየው ይዘቱን ነው። ትርጉምም ቢሆን ማኅተም አይጠይቅም፤ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክል እንደሆነ ጽፎ ከፈረመ ይበቃል። ማኅተም ፍለጋ የምታጠፉትን ጊዜ ይዘቱ ላይ አውሉት።

የቤት ካርታና የባንክ ደብተር ይዘሽ ሂጂ ያሉኝም ነበሩ። ያ ለቱሪስትና ለተማሪ ቪዛ ነው። ኤች ዋን ቢ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ብላችሁ እንድታሳምኑ አይጠይቅም። ኤምባሲ የጠየቁኝ ስለ ሥራዬ ብቻ ነው፤ የናሙና አመራረጡን አስረዳሁ፣ ወጣሁ።

ደላላን በተመለከተ አቋሜ አንድ ነው። የማመልከቻው ክፍያና የአሠሪው ጠበቃ ወጪ የአሠሪው ነው። ለስፖንሰር ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ሌባ ነው። ከዘመድ ቢመጣም ሌባ ነው።

አሁን ለምትሞክሩ አንድ ከባድ ነገር አለ። ከመስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ፣ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው የሚገባ አዲስ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሏል። ዩኒቨርሲቲዎችንም ይመለከታል። ይህን ከፍሎ ከደብረ ብርሃን ሰው የሚያስመጣ አሠሪ ብዙ አይኖርም፤ ልቤ ያዝናል። ደብዳቤውን ግን አጽፉ። ለካናዳም፣ ለጀርመንም፣ ለማስተርስም ዝርዝር ያለው ደብዳቤ ይጠቅማል። ገና ሥራ ላይ ሳላችሁ፣ አለቃችሁ በደንብ ሲያውቃችሁ፣ ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ አስፈርሙ። ክሊራንስ ከጨረሳችሁ በኋላ ማን ይሰማችኋል?

ፋይል የጠፋባችሁም አላችሁ። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል፣ ሸዋ ሮቢት በ2014 በጦርነቱ ስትያዝ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሰነዱም የወደመበት ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ለዚህ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ሰነዱ እንደሌለና ለምን እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ወይም ከበላይ አካሉ ጠይቁ። ቀጥሎ የጡረታ መዋጮ ማስረጃና ደመወዝ ይገባበት የነበረውን የባንክ ስቴትመንት አውጡ። እነዚህም ካልተገኙ ሥራችሁን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች በዝርዝር ይመስክሩ። የሁለቱን ሰዎች ስልክ ዛሬውኑ ያዙ። እኔ አለቃዬን ያገኘኋቸው ቁጥራቸውን ስላልቀየሩ ነው።