በየማለዳው ዳዊትና ወንጌል ሳነብ ስለ ይቅርታ የተማርሁት

መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ ማንበብ የጀመርሁት ቂም ይዤ ነው። ጎንደር አራዳ አካባቢ የእህል ንግድ አለኝ። ሸሪኬ የነበረ ሰው መጋዘን ያስቀመጥነውን ሰሊጥ እኔ ሳላውቅ ሸጦ ገንዘቡን ለራሱ ጉዳይ አዋለው። 180 ሺህ ብር ነው። ሰው ሁሉ «ተወው፣ ለእግዚአብሔር ስጠው» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙ አልመከሩኝም። «ልጄ፣ ዳዊትህን ድገም። ከወንጌልም በቀን አንድ ምዕራፍ ጨምርበት» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዳዊት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለየዕለቱ ተከፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሁድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ይበዛል። ስለዚህ ግማሹን ማለዳ፣ ግማሹን ማታ አደርገዋለሁ። አንድ ቀን ካመለጠኝ ያለፈውን አልጎትትም፣ የዕለቱን እይዛለሁ። ዕዳ ሲከመር ሰው ጨርሶ ይተዋል። በስልክ ሞክሬው ነበር፣ ግን ደላላው ይደውላል፣ መልእክት ይገባል፣ ሐሳብ ይበተናል። አሁን ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጬ የወረቀቱን እይዛለሁ። ድምፄን አውጥቼ ነው የማነበው። እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች፣ ፊደል ሳትቆጥር በቃሏ ታውቀዋለች።

አንድ ደብተር አለኝ። ደስ ያለኝን ጥቅስ አልጽፍበትም። የከበደኝን ነው የምጽፈው። ይህ ልማድ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ደስ የሚለንን ጥቅስማ ግድግዳ ላይም ታክሲ ላይም ተለጥፎ እናየዋለን።

መጀመሪያ የከበደኝ የሐሙሱ ነው። መዝሙር 102 «ምሥራቅ ከምዕራብ እንደሚርቅ፥ እንዲሁ ኃጢአታችንን ከእኛ አራቀ» ይላል። ልብ ያርሳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ 108 ይመጣል። እዚያ ጸሎተኛው ጠላቱን ይረግማል፣ ልጆቹ ድሀ አደግ ይሁኑ እስከማለት ይደርሳል። በአንድ ቀን ሁለቱንም እያነበብሁ «እንዴት ነው ነገሩ?» አልሁ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ሰውዬው ቁጣውን ለማን ተናገረ?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ለእግዚአብሔር። ገበያ ወጥቶ አላወራውም፣ ዱላም አላነሳም። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ስለ ሸሪኬ ያለኝን ምሬት ሳልሸፋፍን በጸሎት መናገር ጀመርሁ። ምሬቱ ወዲያው አልጠፋም። ቡና ላይ ማውራቱን ግን ተውሁት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ማቴዎስ ምዕራፍ 18 ላይ ስደርስ ነው። ጴጥሮስ «ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ልተውለት? እስከ ሰባት ጊዜ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጌታም እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት ይለዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ምሳሌው ግን በሒሳብ ነው የሚጀምረው። ንጉሡ ባሮቹን ሊቆጣጠር ወደደ ይላል፤ እልፍ (አሥር ሺህ) መክሊት ዕዳ ያለበትን አንዱን ባሪያ ማረው፣ ያ ባሪያ ግን የራሱን ባለዕዳ ባልንጀራ አሳሰረ። ነጋዴ ነኝና ቁጥሩ ላይ ቆምሁ። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ የወይኑ ሠራተኞች የተዋዋሉት በዚያ ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር። እልፍ መክሊት ማለት እንግዲህ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው። ሰው ያለ ዕረፍት ቢሠራ ከ160 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የማይከፈል ዕዳ ነው።

ባልንጀራው ለዚያ ባሪያ የነበረበት ደግሞ መቶ ዲናር ነው። በስብከት ሲነገር ብዙ ጊዜ «ኢምንት» ሲባል እሰማለሁ። አይደለም። መቶ ዲናር ከሦስት ወር በላይ ደሞዝ ነው። ለቀን ሠራተኛ የልጆች ቀለብ ነው። ጌታ ዕዳው ትንሽ ነው አላለም። ዕዳው እውነተኛ ነው፣ ሰውዬው ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጠው ተሰርዞለታል። ለእኔ እፎይታ የሆነው ይህ ነው። ይቅር ለማለት 180 ሺህ ብር ምንም አይደለም ብዬ ራሴን መዋሸት አያስፈልገኝም።

ከዚያ ወዲያ በየገጹ የማየው ይኸው ሆነ። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊት ፊት ቆሞ የድሀውን በግ ታሪክ ከነገረው በኋላ «ያ ሰው አንተ ነህ» ይለዋል። «በድያለሁ» የሚለው ቃል ከወጣ በኋላ ነው «እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል» የተባለው። ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ይላል፤ ይህ በዘፀአት 22 በግ ለሰረቀ ሰው የተደነገገው ነው። ምሕረት ባለበት ሁሉ በደሉ በስሙ ይጠራል።

በእኛ አገር ሽምግልና ሲቀመጥ ግን «ያለፈው አይነሳ» ይባላል። ለሰላም ብለው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሸሪኬ ጋር ሲያገናኙን አንድ ነገር ብቻ ለመንኋቸው። «ይቅር እላለሁ፣ ግን ምን እንደተደረገ አንድ ጊዜ ይነገር» አልኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ ቅር አላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ይሁን፣ ይናገር» አሉ። ሸሪኬ የጋቢውን ጫፍ በጣቱ እየጠቀለለ፣ እየፈታ ቆየ። ቀና ሳይል «180 ሺህ ነው። ሰሊጡን ሸጬ ሌላ ዕዳዬን ከፈልሁበት። ደብቄሃለሁ» አለ። ከዚያ ሌላ ማብራሪያ አልፈለግሁም። 60 ሺሁን ከምርት በኋላ እንዲከፍል ተስማማን፣ የቀረውን ተውሁለት። ተነስቶ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝሁት፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሱ።

አብረን ግን አንነግድም። ይህን የሚቃወሙኝ አሉ፣ «ይቅር ካልህ ለምን?» ይሉኛል። ዮሴፍን አንብቡ እላቸዋለሁ። ወንድሞቹን ከማቀፉ በፊት ስምዖንን አስሮ፣ ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስደርጎ ፈትኗቸዋል። ይሁዳ «በብላቴናው ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» እስኪል ድረስ ራሱን አልገለጠም። ይቅርታ ዛሬ ይሰጣል፣ አመኔታ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ያው ታሪክ ሌላም አስተምሮኛል። አባታቸው ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት የዮሴፍ ወንድሞች «አሁን ይበቀለናል» ብለው ፈሩ። ይቅር ከተባሉ ከ17 ዓመት በኋላ! ዮሴፍም አለቀሰ። ሸሪኬም ፒያሳ ላይ ሲያየኝ አሁንም መንገድ ይቀይራል። ድሮ ቢሆን «ገና ሌላ የደበቀው አለ» እል ነበር። አሁን ይቅር መባልን ማመንም ራሱ ከባድ እንደሆነ ገባኝ፣ ስለዚህ ተሻግሬ ሰላም የምለው እኔ ነኝ።

ልጀምር የሚል ሰው ሲጠይቀኝ በማክሰኞው ጀምር እለዋለሁ። መዝሙር 31 «መተላለፉ የቀረችለት» ብሎ ይከፍታል፣ «ማረኝ» የሚለው 50ኛው መዝሙር ያው ቀን ይደርሳል። ቁጥሩን ግን ልብ በሉ፤ አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አንድ ይጨምራል፣ 31 የሚለው 32፣ 50 የሚለው 51 ሆኖ ታገኙታላችሁ።