በፈቃድ የሚሠራው ቤትና ያልተመረመረው እንግዳ

አሜሪካ፣ ኔቫዳ ግዛት ባለችው ላስ ቬጋስ ውስጥ ሕጋዊ የሴተኛ አዳሪ ቤት የለም። ከተማዋ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው እንኳ ይህን ሲሰማ ይገረማል። ሆቴል ድረስ እንመጣለን የሚሉት፣ በስልክ የሚደራደሩት፣ ካዚኖ ባር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት ሁሉ ከሕግ ውጭ ናቸው፤ ገዢውም ይከሰሳል። ኔቫዳ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን በውስጧ ላሉት አስተዳደሮች፣ ለካውንቲዎች፣ ትታለች፤ የሕዝብ ቁጥሩ 700,000 የደረሰ ካውንቲ ግን እንዳይሰጥ በሕግ ተከልክሏል። ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ የተከለከለው በዚህ ነው። ሬኖ ያለችበት ዋሾ ካውንቲም በራሱ ደንብ ዘግቶታል። ሥራው የተፈቀደው ገጠር ነው፤ ስቶሪ ካውንቲ በ1971 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መንገዱን ከከፈተ ወዲህ እንደ ናይ፣ ላየንና ኤልኮ ያሉት ተከትለዋል። ከቬጋስ በ160 አውራ ጎዳና ተራራውን ተሻግሮ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዱ የሚደረስባት ፓረምፕ በናይ ካውንቲ ናት።

ብዙ ሀበሻ ታክሲና ሊሞ በሚነዳበት ከተማ «ሕጋዊው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከኋላ ወንበር መምጣቱ አይቀርም። ዛሬ ማስፈር የፈለግሁት ግን መንገዱን አይደለም። «እዚያ ያሉት በየሳምንቱ ይመረመራሉ፣ ስለዚህ አታስብ» የምትባለዋን ነገር ነው። ውሸት አይደለችም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የምትናገረው፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ያልተነገረው ግማሽ ነው።

የተነገረውን ግማሽ እናስቀድም። በኔቫዳ ደንብ መሠረት አንዲት ሴት ፈቃድ ባለው ቤት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለኤችአይቪና ለቂጥኝ ደም ትሰጣለች፤ ለጨብጥና ለክላሚዲያ ደግሞ ከማህፀን በር ናሙና ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ የደም ምርመራው በየወሩ፣ የጨብጡና የክላሚዲያው በየሳምንቱ ይደገማል። ኤችአይቪ የተገኘባት ሥራውን መሥራት አትችልም። ኮንዶም ከ1988 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ በአፍ ለሚደረገውም ጭምር። ይህን የመጨረሻውን ብዙ እንግዳ አያውቅም፤ ክፍል ገብቶ ሊከራከር የሚሞክርም አለ። ክርክር የለውም፤ ደንቡ ልጅቷን ነው የሚጠይቃት፣ ፈቃዱንም የሚያጣው ቤቱ ነው።

እንግዳውስ? እሱን በር ላይ የሚጠብቀው ምርመራ የለም። ዋጋ የሚነጋገሩት ክፍል ውስጥ ነው፤ ከተስማሙ በኋላ እሷ በብርሃን ታየዋለች። ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ የብልት ኪንታሮት መኖሩን ትመለከታለች። ከዚያ በጣቷ ከሥር ወደ ጫፍ በቀስታ ጫን አድርጋ ትገፋለች፤ ጨብጥ የያዘው ሰው ከሆነ ነጭ ወይም ቢጫ ፈሳሽ ጫፉ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። አንድ ነገር ካየች ነገሩ እዚያው ያበቃል። እንደ ስድብ የሚቆጥሩት አሉ። ለእኔ ግን ሥራዋን በደንብ የምታውቅ ሴት ምልክት ነው፤ ይህን የማታደርግ ካለች የሚያሳስበው እሱ ነው።

ይሁንና ዓይን የሚደርስበት ጥቂት ነው። ክላሚዲያ የያዘው ወንድ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። የጉሮሮ ጨብጥ አይታይም፣ በአብዛኛውም አያምም። ኤችአይቪና የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ከላይ ታይተው አይታወቁም። ሄርፒስ ቁስል ባይኖርም በቆዳ ንክኪ ይተላለፋል። የግዴታ ምርመራው ዝርዝር ውስጥም ሄርፒስና ኤችፒቪ፣ የብልት ኪንታሮትና የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ፣ የሉም።

የቀኑን ስሌት ማየትም ጥሩ ነው። ማክሰኞ ናሙና ተወስዶ ነጻ ናት ተባለ እንበል። አርብ ማታ የገባ እንግዳ ጨብጥ ቢያስይዛት የማክሰኞው ወረቀት ስለ አርብ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ግን በዚያው ወረቀት ተማምኖ ይገባል። በኤችአይቪ ክፍተቱ ይሰፋል። ከክንድ ደም ሥር ተቀድቶ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው አንቲጂንን (የቫይረሱን ቁራጭ) እና አንቲቦዲን (ሰውነት የሚሠራውን መከላከያ) አብሮ የሚፈልገው ምርመራ ቫይረሱን የሚይዘው ከተጋለጡ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጣት ተወግቶ የሚሠራው ፈጣኑ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ሁልጊዜ ያለፈውን ነው የሚነግረን። የዛሬውን የሚከላከለው ኮንዶሙ ነው።

ጀርመኖች ከዚሁ ሐሳብ ተነስተው በሌላ መንገድ ሄደዋል። በ2001 የግዴታ ምርመራውን አስቀሩት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ደግሞ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት እንዲመዘገቡና በየ12 ወሩ፣ ከ21 ዓመት በታች ከሆኑ በየ6 ወሩ፣ የጤና ምክር እንዲያገኙ ያዛል፤ ምርመራ ግን በፈቃደኝነት ነው። ኮንዶም ግዴታ ነው፤ ደንቡን ሲጥስ የተገኘ እንግዳ እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ሴቷን ግን በዚህ አይቀጡም። ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች የጤና ቢሮው፣ ጌዙንድሃይትስአምት የሚሉት፣ ስም ሳይጠይቅ እንደሚመረምር ዕወቁ። ኃላፊነቱን ወደ እንግዳው ማዞራቸው ልክ ነው እላለሁ፤ በሽታውን ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባው እሱ ነውና። በእርግጥ ያልተመዘገቡትና ከዚህ ሁሉ ውጭ ያሉት ብዙ ናቸው።

ኮንዶም ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁሉም አውቀዋለሁ ይላል፣ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ቬጋስ ሐምሌ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚያም እጅግ ይብሳል። ዳሽቦርድ ሳጥን ውስጥ የከረመ ኮንዶም ላቴክሱ ደርቆ ተዳክሟል፤ ጊዜው አላለፈበትም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ኪስ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠውም እንዲሁ፣ ሙቀቱና መታጠፉ ይጎዳዋል። ከመክፈት በፊት ፓኬቱን በሁለት ጣት ጫን ማድረግ ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲገፋ ከተሰማ ፓኬቱ አልተበሳም። በጥርስ ሳይሆን በጣት፣ ከተሰነጠቀው ጠርዝ ይቀደዳል። ጥቅልሉ ወደ ውጭ መሆኑን አይቶ፣ ጫፉን ቆንጥጦ አየሩን አስወጥቶ፣ እስከ ሥሩ ድረስ መዘርጋት። በተቃራኒው ተቀምጦ አልዘረጋ ካለ ገልብጦ መጠቀም የለም፤ ውጭ የሚሆነው ገጽ ፈሳሽ ነክቶታል፣ ተጥሎ ሌላ ይከፈታል። ሲወጣም ብልቱ ሳይላላ የኮንዶሙን ቀለበት ከሥሩ ይዞ ነው። ሳይይዙ ሲወጡ ውስጥ ይቀራል፤ «ተቀደደብኝ» ከሚባለው ስንቱ እንዲህ ሾልኮ የቀረ ነው።

ቫዝሊን፣ የሰውነት ቅባት፣ የሕፃን ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክማሉ። ማለስለሻው ውሃ ወይም ሲሊኮን የሆነውን መምረጥ ነው። ድርብ ማድረግ ጥንቃቄ ይመስላል፤ እርስ በርሳቸው ይፋተጉና ይቀደዳሉ። ከአፍ ወደ ሌላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ሲዞሩ ኮንዶም ይቀየራል። ከበግ አንጀት የሚሠራው እርግዝናን ይከላከላል እንጂ ቫይረስ ያሳልፋል። ላቴክስ የማይስማማው ሰው ፖሊአይሶፕሪን የሚባለውን ይፈልግ፤ ይህንንም አስቀድሞ ይናገር።

ሀገር ቤት ሳለን ስለ ሕይወት ትረስት ያልሰማ የለም፤ ስለ ስፋት የነገረን ግን የለም። ካርቶኑ ላይ በሚሊሜትር ተጽፏል፤ የተለመደው 52 ወይም 53 ነው። የጠበበው ይፈነዳል፣ የሰፋው ይወልቃል። ሁልጊዜ የሚቀደድበት ሰው ብራንድ ከመቀየሩ በፊት ይህን ቁጥር ይመልከት።

መጠጡ ሌላው ነው። ቤቶቹ ባር አላቸው፣ የሰከረን ግን ሊመልሱት ይችላሉ። የሰከረ እጅ ጫፉን አይቆነጥጥም፣ የላላ ብልት ኮንዶም አይዝም። አንዴ የተባለውን ዋጋም ሆነ «ይህን አላደርግም» የተባለውን እንደገና ማንሳት አይገባም፤ እምቢ የማለት መብቷ ክፍል ውስጥ ከገቡ በኋላም አያበቃም።

ኮንዶሙ ከተቀደደ ወዲያው መናገር ግድ ነው፤ እሷም የምትወስደው እርምጃ አለ። ላዩን በውሃ መታጠብ ይበቃል፤ በሳሙና አጥብቆ መፋቅ፣ አልኮል ማፍሰስ ቆዳውን አቁስሎ በር ይከፍታል። ኤችአይቪን የሚከላከለው ፔፕ የሚባለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሰባ ሁለቱ ሰዓት የመጨረሻው ገደብ ነው፤ በቶሎ የጀመረ ይበልጥ ይጠቀማል። ቅዳሜ ማታ የሆነን ነገር ሰኞ ሐኪሜ ጋ እሄዳለሁ ብሎ ማሳደር ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ኢመርጀንሲ ሌሊትም ክፍት ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ስለ መድኃኒቱ አምራቾች የእርዳታ ፕሮግራም ይጠይቅ።

ምርመራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በማግስቱ ሄዶ «ነጻ ነህ» ተብሎ ይመለሳል፤ የተመረመረው የትናንቱ አይደለም፣ የድሮው ነው። ለጨብጥና ለክላሚዲያ ሁለት ሳምንት፣ ለኤችአይቪ በላብራቶሪው ምርመራ 45 ቀን መጠበቅ ነው፤ ፈጣኑን የተመረመረ ወይም ፔፕ የወሰደ ሦስት ወር ሲሞላ ይደግም። ለቂጥኝም የሦስት ወሩን ማከል ጥሩ ነው፤ ቁስሉ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ቁስሉ አያምም፣ በራሱም ይድናል፤ በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቀጥላል። ምልክት የታየበት ሰው ግን ቀን አይቁጠር፣ ያኔውኑ ይሂድ።

ሁለተኛው፣ «ሙሉ ቼክአፕ» ሲባል ይህ ሁሉ ያለበት ይመስለናል። የለበትም። ስኳርና ኮሌስትሮል ነው የሚያዩት። ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ ብሎ በስም መጥራት ያስፈልጋል፤ በአፍ የተደረገ ነገር ካለ የጉሮሮ ናሙና ካልጠየቁ አይወሰድም። ሽንቱ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይሸኑ ቆይቶ የሚሰጥ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ነው፤ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምርመራ እንደሚደረገው የመጀመሪያውን አፍስሶ መካከለኛውን መስጠት ባክቴሪያውን አጥቦ ይጥለዋል።

አስተርጓሚ ሆኖ ዘመድ ወይም ልጅ ይዞ መሄድ ደግሞ በፍጹም። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ክሊኒኮች በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ቬጋስ ውስጥ የሳዘርን ኔቫዳ ሄልዝ ዲስትሪክት ለዚሁ የተለየ ክሊኒክ አለው። «ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል» የሚለው ፍርሃት አሁንም አለ፤ ኤችአይቪ ግን ከጥር 2010 ጀምሮ ወደ አሜሪካ መግቢያ መከልከያ መሆኑ ቀርቷል።

ስለ ክትባት በአጭሩ። ሄፓታይተስ ቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እዚያ የተወለድነው አብዛኞቻችን አልተከተብንም፣ በሽታውም እኛ ዘንድ ጥቂት አይደለም። ቀድሞ የደም ምርመራ፣ ነጻ ከሆኑ የተለመደው ክትባት ዛሬ፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር። የኤችፒቪው እስከ 26 ዓመት ይመከራል፤ እስከ 45 ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ይሆናል። አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ ስለ ፕሬፕ፣ ኤችአይቪ እንዳይይዝ ከመጋለጥ በፊት ስለሚወሰደው መድኃኒት፣ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በየቀኑ የሚዋጥ አለ፣ ከ2025 ጀምሮም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ተፈቅዷል። ፕሬፕ ጨብጥንም ቂጥኝንም አይከላከልም።

ከተገኘስ? ጨብጥ በአንድ መርፌ ይታከማል፣ ሴፍትሪያክሶን 500 ሚሊግራም። ክላሚዲያ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን። ገና ያልቆየ ቂጥኝ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ አንዴ። ከሀገር ቤት በሻንጣ የመጣውን ሲፕሮ ወይም አሞክሳሲሊን መዋጥ ይቅር፤ ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደ ቆይቷል፣ ምልክቱን ግን ለጊዜው ሊያደበዝዘው ይችላል። ከሕክምናው በኋላ 7 ቀን ግንኙነት የለም፤ በሦስተኛው ወር እንደገና መመርመር ነው፣ በድጋሚ መያዝ የተለመደ ነውና።

ቤት ውስጥ ሚስት ወይም ጓደኛ ካለች ውጤቱ እስኪሞላ እዚያም ኮንዶም ነው። እርጉዝ ከሆነች ቂጥኝ ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ እሷን ሳይነግሩ ብቻን መታከም ልጁን መጉዳት ነው። እሱ ታክሞ እሷ ካልታከመች በሽታው ሊመለስበት ይችላል። በአፉ መናገር ያቃተው ሰው ለክሊኒኩ ይንገር፤ የጤና ቢሮው ሠራተኛ የላከውን ሰው ስም ሳይጠራ ደውሎ «ልትመረመሪ ይገባል» ይላታል።