ሦስቱ መንገዶች የሚገናኙበት

ወደ ጥንታዊቷ የግሪክ የትንቢት ስፍራ ወደ ዴልፊ የምሄድበት ቀን አቴንስ ላይ በንዴት ጀመረ። ከማደሪያዬ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ባለታክሲው ቆጣሪውን ሳያበራ ነድቶ 35 ዩሮ ተቀበለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ሳልከራከር አልወርድም ነበር። ሰው አገር ነውና ዝም ብዬ ከፈልኩ። እስከ ሊቫዲያ ድረስ ሂሳቡን ሳብሰለስል መንገዱን አላየሁትም።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቤተ ክርስቲያን ባለፍን ቁጥር ያማትባሉ። እሳቸው ከቀኝ ወደ ግራ፣ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ። ተያየንና ሳቅን። ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ንዴቴ ያኔ በረደ።

የግሪክ አፈ ታሪክ ንጉሥ ኦዲፐስ አባቱን ሳያውቅ የገደለበትን፣ ሦስት መንገዶች የሚገናኙበትን ቦታ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ወደ ዲስቶሞ መገንጠያው አካባቢ ስንደርስ ክንዴን ነካ አድርገው በጣታቸው ጠቆሙኝ። ድንጋያማ ሸለቆ፣ ቁጥቋጦ፣ የመንገድ ምልክት። ወዲያው አለፈን።

ኦዲፐስ ዴልፊ ላይ በግሪኮች የትንቢት አምላክ በአፖሎ «አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ» ተባለ። ያሳደጉትን ወላጆቼ ናቸው ብሎ ያምን ስለነበር ወደ ቆሮንቶስ አልመለስም አለ። የሸሸው ነገር እዚህ መንገድ ላይ ጠበቀው።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ አያቴ «የተጻፈ አይቀርም» ብላ ትዘጋዋለች። ለኦዲፐስ ግን ይህ አይበቃውም። ጥንታዊው የግሪክ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስ ስለ እሱ የጻፈው ተውኔት ሲጀምር ግድያውም ጋብቻውም ካለፈ ቆይቷል። መድረኩ ላይ የምናየው ፍለጋውን ነው። የተገደለው አባቱ ንጉሥ ነበር። አፖሎ የንጉሡን ገዳይ ፈልጉ አለ እንጂ የራስህን ልደት መርምር አላለውም። እናቱም ሚስቱም የሆነችው ዮካስታ ተው ብላ ለመነችው። የልደቱን ምስጢር የሚያውቀው ሽማግሌ እረኛም እንዳይጠይቀው ተማጸነው። እሱ ግን ጠየቀ። ዓይኑን ካጠፋ በኋላም መከራውን ያመጣብኝ አፖሎ ነው፣ የመታኝ እጅ ግን የራሴ ነው ይላል። እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። እጁን ለማንም አሳልፎ አልሰጠም።

ዴልፊ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከአፖሎ ቤተ መቅደስ የቆሙት ጥቂት ዓምዶች ናቸው። ከበላዩ ካለው ቲያትር አጠገብ ቆሜ ሸለቆውን ቁልቁል አየሁ። ኦዲፐስ ከዚህ ሲወጣ የቱንም መንገድ መያዝ ይችል ነበር።

ስመለስ መሽቷል። መገንጠያው እንዳያመልጠኝ ከአራሆቫ ጀምሮ ግንባሬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ነበር። የታየኝ የመኪኖች መብራት ብቻ ነው። የብርቱካኑ ሽታ ግን እጄ ላይ ነበር።