ፓውደር የተቀባው እጅ

ዛሬ ማታ በገንዘብ ስለሚጫወቱ የፑል (በስቲክ የሚመታ የጠረጴዛ ኳስ) ተጫዋቾች የሚተርከውን የ1961ዱን ፊልም «ዘ ሀስለር» እንደገና አየሁት። ሁለቱ ተጫዋቾች የሚፋለሙበትን ረጅም ሌሊት ስታዩ ዓይናችሁን ከገንዘቡ አንሱና ሚኒሶታ ፋትስን በሚጫወተው ጃኪ ግሊሰን እጅ ላይ ጣሉት። ሁሉም ሲደክም እሱ ታጥቦ፣ ፓውደር ተቀብቶ ይመለሳል። ለማማር ብቻ አይደለም። ላብ ያለው እጅ ስቲኩን (የኳስ መምቻውን ዱላ) ይይዘዋል፤ ስቲኩ በጣቶች መካከል ካልተንሸራተተ ምቱ ይዛነፋል። 18,000 ዶላር ሲመራ የነበረው ተጋጣሚው ኤዲ ግን በውስኪ ደንዝዞ ወንበር ላይ ተንጋሏል። ጨዋታው ለእኔ እዚያ ጋ ነው ያለቀው።

የሚጫወቱት ስትሬት ፑል የተባለውን የፑል ዓይነት ነው፦ አንድ ኳስ አንድ ነጥብ፤ ተጫዋቹ ኳሱንና ኪሱን ቀድሞ ይናገራል። 14 ኳሶች ከገቡ በኋላ እነሱው ተመልሰው በሦስት ማዕዘን ይደረደራሉ፣ የጫፉ ቦታ ባዶ ይቀራል፤ 15ኛውና ነጩ (በስቲክ የሚመታው ኳስ) ባሉበት ይቆያሉ። ጥበቡ ሁሉ እዚህ ነው! 15ኛውን አስገብቶ ነጩ የተደረደሩትን ኳሶች ክምር እንዲበትን፣ ከአንድ ምት በፊት ማዕዘን መተው ያስፈልጋል። ነጩ ከ15ኛውና ከኪሱ ጋር ቀጥ ብሎ ከቆመ ኳሱ ይገባል፣ ክምሩ ግን አይነካም፤ ቀጣዩ ምት ይጠፋል።

የፊልሙ የቴክኒክ አማካሪ ዊሊ ሞስኮኒ በ1954 ኦሃዮ ውስጥ 526 ኳስ ሳይስት በተከታታይ ያስገባ ሰው ነው። ግሊሰንም ምቶቹን ራሱ ነው የመታው።