«ይቺ ልጅ ሰው ታነባለች»

ዛሬ እኔም ሰማዩም ደመና ለብሰን ዋልን።

ስብሰባ ላይ አለቃዬ ድንገት «ይቺ ልጅ ሰው ታነባለች፤ ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ ማለት ይሄ ነው» አለ። የሰውን ስሜት የመረዳት ብልህነት ማለቱ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ በሆዴ «ምን ሊያዘኝ ነው?» እላለሁ። እኛ ቤት ምስጋና ብቻውን መጥቶ አያውቅማ! ሁለተኛ ወጣሁ ስል መልሱ «አንደኛዋ ካንቺ የተለየ ምን በልታ ነው?» ነበር።

ሰው ማንበቡንስ ከየት አመጣሁት? ከግቢያችን የቆርቆሮ በር። አባዬ ማታ ሲገባ በሩ ቀስ ብሎ ሲጥ ካለ ሰላም ነው፤ እራት አብረን እንበላለን። ጓ ካለ ታናሼ አልጋ ሥር፣ እኔ ደብተር ላይ። ጓ ብሎ ቁልፉም ከወደቀበት እማዬ ራሷ ድምጿን ታጠፋለች። በማግስቱ «ደክሞት ነው» ተብሎ ይዘጋል። ታዲያ ይሄ ብልህነት ነው? ዘበኛም እኮ ኮቴ ይለያል።

ማታ ያንን ስለ ልጅነት ክፉ ገጠመኝ የሚጠይቀውን መጠይቅ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። በ1998 እ.ኤ.አ. ከታተመው የአሜሪካኖቹ ጥናት የመጣው፣ አስር ጥያቄ ያለው። ጥናቱ ገጠመኙ በበዛ ቁጥር ትልቅ ሲሆኑ ድብርቱም፣ መጠጡም፣ የልብ ሕመሙ ሳይቀር ይበዛል ይላል።

የመጀመሪያው ስለ ስድብና ውርደት ይጠይቃል። ቆይ፣ «አንቺ ድንጋይ» ስድብ ነው እንዴ? ቀጥሎ ስለ መመታት። ኩርኩም ይቆጠራል? በርበሬ መታጠንስ? እሱን አሜሪካኖቹ አላሰቡትም። እኛ እንደሆነ በዓል ሲመጣ ቡና ላይ የምንስቅበት ጨዋታችን ነው። ታናሼም አብሮ ይስቃል። ግን እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ በርበሬ ሊቆላ ነው ከተባለ ጃኬቱን አንስቶ ይወጣል። ማንም የት ነህ አይለውም።

ከስልክ ጋር ተቀምጬ ነጥብ እከራከራለሁ። «አልፎ አልፎ ነው እንጂ ሁሌ አይደለም» እያልኩ። ማንም ሳያየኝ አባዬን ላለማሳጣት!

ባለቤቴ ምን እንደማነብ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በሩን፣ ቁልፉን፣ ሁሉንም። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና «እሺ፣ አሁን አንቺን ምን ይሰማሻል?» አለኝ።

ትንሽ አሰብኩ።

«አንተ ደክሞሃል መሰለኝ፤ እራት ላቅርብ?» አልኩት።